የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ቴአትር ቤት ነበርኩ። የልጇን መርዶ የሰማች እናት ከመድረኩ መሐል ተንበርክካለች። ተዋናይቷ ሙያዋን ታውቃለች፤ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አዳራሹን በዝምታ ይዛዋለች። ለማልቀስ አፏን ስትከፍት ግን በስተግራ ያለው ድምፅ ማጉያ አፏጨ። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ላይ ማረፍ የነበረበት መብራት አጠገቧ ካለው ባዶ ወንበር ላይ አረፈ። በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እናቲቱም መርዶዋም ተረሱ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «እዚያ ላይ ያስቀመጡት ማንን ነው?» ሲሉ አጉረመረሙ።

የአዛውንቱ ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ እዚያ ላይ ያላስቀመጡትስ ማንን ነው? የዚህን መልስ በከፊል አውቀዋለሁ። እዚያ መቀመጥ የሚያምርበት አንድ ልጅ በዚያች ሰዓት እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ የተበላሸ ሞንታርቦ ፈትቶ ይጠግን ነበር።

ውድ አንባቢ፣ እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ። በቴአትር ሙያ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን በመስኮት በኩል ሰውን ሲያስተናግድ የኖረ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ በር የት እንዳለና የት እንደሌለ። ቴአትር ቤቶቻችን ለጀማሪ የድምፅና የመብራት ባለሙያ በር የላቸውም። ይህን የምለው በሐሜት አይደለም፤ ከልጁ ጋር በየደጁ ዞሬ ነው።

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ሥራ ተመርቆ የብቃት ምዘናውን አልፏል። ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ተዘዋዋሪ ቴአትር አይቶ ነበር። ያን ዕለት ጓደኞቹ ሁሉ ተዋንያኑን ሲያዩ እርሱ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ ጣራውን ሲያይ አመሸ። «ጋሼ፣ ንጋቱን ያመጣው ከላይ ያለው ሰውዬ እኮ ነው!» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሕልም የለውም።

እንግዲህ ለሥራ ፍለጋው የቤተሰባችን ማመልከቻ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ በእጄ ጽሑፍ ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩለት። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ጥበቃው «ማንን ፈልገህ ነው?» አለው። «ሥራ» ቢለው «ሥራ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ሳቀበት። ቀልዱ መልካም ነበር፤ ማመልከቻው ግን ከጥበቃው ጠረጴዛ አላለፈም። ሁለተኛው ቤት እንኳ ከመዝገብ ቤት ደረሰ። እዚያ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር፦ «የድምፅና መብራት ቴክኒሻን፤ ብዛት አንድ፤ የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት።» ልጁ በትሕትና «ልምዱን ከየት ላምጣ?» ብሎ ጠየቀ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቅን ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ሌላ ቴአትር ቤት ሠርተህ ና» አሉት። በሦስተኛው ቤትም የሚጠይቁት ሁለት ዓመት ነበር። ሦስቱም ቤቶች ከሌላው ቤት ልምድ ይዞ የሚመጣ ሰው ይጠብቃሉ። ያ ሌላው ቤት የቱ እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም።

ከሦስተኛው ቤት ግን አንድ መውጫ ያለው መሰለን። አንድ ኃላፊ «በነፃ ያገልግልና ልምድ ይያዝ» አሉ። እህቴም እኔም መረቅናቸው። ልጁ አራት ወር አገለገለ። ኬብል ጠቀለለ፣ መሰላል ተሸከመ፣ ጣራ ስር ባለው ብረት ላይ ወጥቶ መብራት አሰረ፣ የተቃጠለ አምፖል ቀየረ፣ በልምምድ ቀን ጽሑፈ ተውኔቱን ይዞ መብራት የሚለወጥበትን ቃል ሁሉ በእርሳስ አሰመረ። የታክሲና የምሳ ወጪውን እኔ ቻልኩ። በአራተኛው ወር ሌላ ቦታ ማስታወቂያ ወጣና የአገልግሎት ደብዳቤ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ይህ ነበር፦ «የሥራ ልምድ የሚጻፈው ፔሮል ላይ ስሙ ላለ ሠራተኛ ነው።»

አራት ወር የሠራው ሥራ ስላልተከፈለበት ሥራ አይደለም ተባለ። ልምድ እንዲያገኝ በነፃ አሠሩት፤ በነፃ ስለሠራ ልምድ የለህም አሉት። በባንክ ሕይወቴ ብዙ የማጭበርበር ዓይነት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥሩ ስም የተሰጠው ማጭበርበር ግን አላየሁም። የባሰው ደግሞ ያሠሩት ሰዎች ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። መመሪያ አክባሪዎች ናቸው። መመሪያው ግን የእህቴን ልጅ የመሰለ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ከዚህም ሌላ በነፃ ማገልገል የሚችለው ማን እንደሆነ እናስብ። አጎት ያለው ነው፤ አጎቱም የወር ደመወዝተኛ የሆነለት። አጎት የሌለው የድሃ ልጅ አራት ወር አይደለም አራት ቀንም አይቆይም። ስለዚህ «በነፃ አገልግል» የሚለው ቃል በር የሚከፍት ይመስላል እንጂ የድሃውን ልጅ አስቀድሞ የሚመልስ ዘበኛ ነው።

አሁን ወደ ሙግቱ ልግባ። የቴአትር ቤት ሰዎች የሚያነሡትን መከራከሪያ አንድ በአንድ ሰምቻለሁና ሳላዛባ ላቅርበው።

የመጀመሪያው «ዕቃው ውድ ነው፣ ሥራውም አደገኛ ነው፤ ለጀማሪ አይሰጥም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አደገኛ ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ዋት የሚወስዱ አሥር መብራቶች በ220 ቮልት አንድ ላይ ቢበሩ ወደ 45 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ይህን በአንድ ተራ የቤት መሥመር ላይ የቀጠለ ሰው ኬብሉን ያቀልጣል፤ አልፎም እሳት ያስነሣል። ከተዋንያኑ አናት በላይ የተንጠለጠለ ከባድ መብራት ተጨማሪ የደኅንነት ሰንሰለት ካልታሰረለት አንዲት ብሎን ብትላላ ሰው ይገድላል። ድምፁም ቢሆን ብልሃት ይፈልጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ለመድረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። አጠገቡ የተተከለ ማጉያ ያለ ልክ ቢከፈትበት አንዷን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማታል፤ መጀመሪያ ከማጉያው፣ ቀጥሎ ከመድረኩ። ያ ባለፈው እሑድ ያሳቀን ፉጨትም ምትሐት አይደለም። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ሲገባ፣ እንደገና ጎልቶ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ የሚፈጠር ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ነው፤ እውቀት ደግሞ ይማሩታል። ሥራው አደገኛ መሆኑ ጀማሪን ላለማስገባት ምክንያት ከሆነ፣ የዛሬው ነባር ባለሙያ ጡረታ የወጣ ዕለት ያን ሰንሰለት ማን ያስረዋል? ሁለት ዓመት ልምድ ያለው ሰው እኮ ከሰማይ አይወርድም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቤት ምንም የማያውቅ ልጅ ተቀብሎ ከሆነ ብቻ ነው ዛሬ የሚገኘው። ሁሉም አጨዳ የሚጠብቅበት፣ ማንም የማይዘራበት አገር ሆነናል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ቤት ብናገር ይፈቀድልኝ። ባንክ የገባሁት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ ያለ አንዳች ልምድ ነው። ማስታወቂያው «ዜሮ ዓመት» ይል ነበር። ያን ጊዜ በእጄ ቆጥሬው የማውቀው ትልቁ ገንዘብ የወር የቤት ኪራዬ ነው። ባንኩ ታዲያ ምን አደረገ? ካዝናውን በጄ አልጣለም፤ ደጁንም አልዘጋብኝም። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አስተማረኝ፤ ደመወዝ እየከፈለ። ቀጥሎ ከአንዲት ነባር ገንዘብ ከፋይ ጎን አስቀመጠኝ፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እርሷ ደግማ ትቆጥራለች፤ እኔ እፈርማለሁ፣ እርሷ ታጸድቃለች። ከዚያ አነስ ያለ ጣሪያ የተበጀላት መስኮት ሰጠኝ። ጣሪያውም ከጥንቃቄዬ ጋር እየጨመረ ሄደ። አንድ ቀን ጉድለት ተገኝቶብኝ ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ያን ዕለት የተማርኩትን በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት አልተማርኩትም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ገንዘብ የሚያህል ፈታኝ ነገር የያዘ፣ ማንንም በቀላሉ የማያምን ተቋም ለጀማሪ በር መሥራት ከቻለ፣ ቴአትር ቤት የሚያቅተው ለምንድን ነው? ጀማሪው በመጀመሪያ ወር ኬብል ይጠቅልል፤ በሦስተኛው ወር ነባሩ እያየው መብራት ይሰር፤ በስድስተኛው ወር በልምምድ ቀን ሚክሰሩን ይንካ፤ በዓመቱ አንዲት የሕፃናት ተውኔት ብቻውን ይምራ። ይህን ለማድረግ አዲስ ፖሊሲ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ወንበር ይበቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «በጀት የለም» ነው። የቴአትር ቤቶቻችንን ድህነት አልክድም። ነገር ግን በጀት ማለት የሚያከብሩትን ነገር በብር መጻፍ ነው። ለግብዣ ወረቀት፣ ለአበባ፣ ለምረቃ ዕለት ቆሎና ለስላሳ መጠጥ መደብ ተገኝቶለት ለአንድ ረዳት ቴክኒሻን ካልተገኘ የጠፋው ብሩ አይደለም። እሑድ ዕለት የተበላሸው ትዕይንትስ ወጪ አይደለም? ጸሐፌ ተውኔቱ የደከመበት፣ ተዋናይቷ ወራት የተለማመደችበት፣ ተመልካቹ ከፍሎ የገባበት ሥራ በአንዲት ፉጨት ፈርሷል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር የሌለ ይመስለናል።

ሦስተኛው «ብናሠለጥነው ጥሎን ወደ ሰርግና ኮንሰርት ይሄዳል» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሰዎች ዛሬስ የት ያለ ይመስላቸዋል? ልጁ እኮ ዛሬም ያለው ሰርግ ቤት ነው። የአገራችን የድምፅ ትምህርት ቤት ድንኳን ሆኗል፤ ሰርጉ፣ ምርቃቱ፣ ጉባኤው። በዚህ አላፍርም፤ እንጀራ ነው። ግን ልዩነቱን እናስተውል። ድንኳን ድምፅ መጨመርን ያስተምራል፤ ቴአትር የሚሻው ድምፅ መቀነስን ነው። በሰርግ ቤት ሁሉም ሰው ባንድ ላይ እንዲጨፍር ይደረጋል፤ በቴአትር ስድስት መቶ ሰው የአንዲትን ሴት ትንፋሽ እንዲሰማ። ሰርግ ላይ መብራቱ ይሽከረከራል፤ ቴአትር ላይ ተመልካቹ ሳያውቅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከማለዳ ወደ ረፋድ ይሄዳል። በድንኳን ብቻ ያደገ ባለሙያ ዝምታን አይችልበትም፤ ቴአትር ደግሞ ያለ ዝምታ አይቆምም። ልጁ ጥሎ ቢሄድ እንኳ የተማረውን ዝምታ ይዞ ይሄዳልና ሰርጋችንም ይሻሻል ነበር።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ሰበቦች በታች ያለውን ሥር ላውጣው። ይህን ሙያ ሙያ ብለን አልቆጠርነውም። የቴአትር ታሪካችን አጭር አይደለም። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ሲከፈት የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል ከተከፈተ አርባ ዓመት አልፎታል። የጸሐፍቱን ስም እናውቃለን፤ የተዋንያኑን ፎቶግራፍ እንሰቅላለን፤ እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን፣ እነ ተስፋዬ ገሠሠን በክብር እናነሣለን፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሲታይ በአቡኑ ፊት ላይ ብርሃኑን ያሳረፈውን ሰው ስም ከመካከላችን የሚያውቅ አለ? ያ ብርሃን በራሱ ጊዜ የወጣ ፀሐይ አልነበረም። አንድ እጅ ነበረው።

ጥፋቱ የኃላፊዎች ብቻ አይደለም። እኛ ጸሐፊ ነን የምንልም እንጠየቃለን። ቴአትር አይተን ስንጽፍ ስለ ድርሰቱ ሦስት አንቀጽ፣ ስለ ትወናው ሁለት አንቀጽ እንጽፋለን፤ ስለ መብራቱ የምንጽፈው የጠፋ ዕለት ነው። እኔ ራሴ በግጥም ምሽቶች ላይ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ! አዳራሹን አመስግኛለሁ፣ ክራር ደርዳሪውን አመስግኛለሁ፤ ቃሌን ከመጨረሻው ወንበር ያደረሰውን ልጅ ግን ዞር ብዬ አላየሁትም። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ፤ ማይክራፎኑ ሲቋረጥ፣ በቁጣ። ይህን የምጽፈው ያ ቁጣዬ ስላሳፈረኝም ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ ገና ድሮ አስቦበታል። በአሜሪካ የመድረክ ጀርባ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። በእንግሊዝ ዛሬ የመድረክ ቴክኒሻን የሚሆን ጀማሪ ደመወዝ እየተከፈለው በሥራ ላይ የሚማርበት፣ ሲጨርስም ምስክር ወረቀት የሚቀበልበት የታወቀ መንገድ አለ። ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን ግን የራሳችን የአብነት ትምህርት ቤት አለልን። መሪጌታ ለደቀ መዝሙር «የሁለት ዓመት የድጓ ልምድ ይዘህ ና» ብለው ቢሆን ኖሮ ያሬዳዊው ዜማ እስከ ዛሬ ባልደረሰም ነበር። ፊደል የማይለይ ሕፃን ተቀብለው፣ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዜማ አሻገሩት እንጂ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ ጀማሪን በማሳደግ የሺህ ዓመት ልማድ ያለው ሕዝብ ጀማሪን የሚያስገባበት አጣ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ቴአትር ቤት በዓመት አንድ፣ አንድ ብቻ፣ «ዜሮ ዓመት» የሚል የድምፅና የመብራት ረዳት ማስታወቂያ ያውጣ። ደመወዙ ጥቂት ይሁን፤ ግን ፔሮል ላይ ይስፈር። በነፃም ሆነ በክፍያ ላገለገለ ሰው ያገለገለበት ቀንና የሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይሰጠው፤ ወረቀትና ቀለም በጀት አይጠይቅም። የቴክኒክ ኮሌጆች ኤሌክትሪክ ተማሪዎቻቸውን ወደ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ወደ መድረክም ለልምምድ ይላኩ። በተውኔቱ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ የመብራትና የድምፅ ሠራተኞቹ ስም ከተዋንያኑ ስም ስር ይጻፍ። ይህ አራተኛው ምንም አያስወጣም፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው።

ለአንተም፣ ደጅ ለምትጠናው ወንድሜ፣ ለአንቺም እኅቴ፣ አንዲት ቃል አለችኝ። በሩ ስለተዘጋ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ኤሌክትሪክ በደንብ ተማሩ። ኬብል ሳይጣመም መጠቅለልን ልመዱ፤ ነባሮቹ መጀመሪያ የሚያዩት እርሱን ነው። ተውኔት አንብቡ፤ ጽሑፉን ያላነበበ መብራት ሠሪ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የሠራችሁበትን ቀን፣ ቦታና ሥራ በደብተር መዝግቡ፤ ያሠራችሁን ሰው በየወሩ መጨረሻ አስፈርሙት። ይህን የመጨረሻውን ምክር የምሰጠው እንደ ገጣሚ ሳይሆን እንደ ባንክ ሠራተኛ ነው። ያልተፈረመበት ነገር የለም ይባላልና።

የእህቴ ልጅ ያን ሞንታርቦ ጠግኖ ጨርሷል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰርግ አለው። ማታ ማታ ግን በአሮጌ የጫማ ካርቶን ውስጥ ትንንሽ አምፖሎች አስሮ፣ ከቡና ሲኒ የተዋናይ ምስል ሠርቶ፣ ንጋትን ያወጣል። መብራቱን አጥፍተን አብረን እናያለን። እኔና እህቴ እናጨበጭባለን፤ እርሱም ካርቶኑን ይዘጋና ወደ ፍራሹ ይሄዳል።

አንተ ስታለቅስ ፊትህን ያበራ፣
ሕዝብ ሲያጨበጭብ ስሙ ያልተጠራ፣
በጨለማ ቆሞ ብርሃን የሚሠራ፣
ከላይ አንድ ልጅ አለ ባንተ የሚኮራ።

በር ቢከፈትለት መሰላል ይወጣል፣
በር ቢዘጋበትም ከደጅ ይቀመጣል፤
እሱ ደጅ ሲቀመጥ ማን መብራት ያመጣል?
በጨለማው መሐል ተውኔቱ ይዋጣል።